ከአብዶኛው ጀርባ ያለውን ልጅ እዩት

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደሴ ፒያሳ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ጥግ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ጨዋታው አልቆ ሰው መውጣት ሲጀምር ክርክር ተነሣ። አንዱ የማንቸስተር ሲቲ ማልያ የለበሰ ልጅ «ጓርዲዮላ ግሪሊሽን ገደለው» አለ፤ አሰልጣኙ የተጫዋቹን ችሎታ አጠፋው ማለቱ ነው። ሌላው ከኋላ ብድግ ብሎ «ምን ገደለው? በአንድ ዓመት ሦስት ዋንጫ አሸከመው እንጂ!» አለው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደሚሰማ አልታወቀም። የቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ቢያጠፋ፣ ወንበር ቢሰበስብ የሚበተን ጠፋ። በመጨረሻ ሲወጡም በጉሙ ውስጥ ወደ ሸዋ በር እየተከራከሩ ሄዱ። ሰዎቹ አይታዩም፣ ድምፃቸው ግን ይሰማኝ ነበር።

እኔ አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። የምለው አጥቼ አይደለም። በዚያ ጩኸት መሐል የሚነገር ነገር ስላልሆነ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ወሎ ውስጥ የሰውነት ማጎልመሻ አስተምሬያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱን የኳስ ቡድን የምይዘውም እኔው ነበርኩ። አብዶኛ ልጅ፣ ማለትም ኳስ ይዞ ተከላካይ መሸወድ የሚወድ ልጅ፣ አሰልጣኝን እንዴት እንደሚፈትን አውቃለሁ። አንድ ልጅ ላይ የፈረድኩትን ፍርድ ደግሞ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሱን እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ክርክራችሁ።

ግሪሊሽ አስቶን ቪላ እያለ አምበል ነበር። ኳስ ሲደርሰው ቡድኑ በሙሉ ቆሞ እሱን ይጠብቃል። ካልሲውን ዝቅ አድርጎ፣ በግራ መስመር ኳሷን እየገፋ ይመጣል። ተከላካዩን ያባብለዋል፣ ይቆማል፣ ድንገት ያመልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ሲቲ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። በጊዜው አንድ የእንግሊዝ ክለብ ለተጫዋች ከከፈለው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ነው። ሲቲ ከገባ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። መስመሩ ላይ ይቆማል። ኳስ ይቀበላል፣ ሁለት ሰው ወደ ራሱ ይጠራል፣ መልሶ ያቀብላል። ያቺ የምትወዷት ሩጫ ቀነሰች። በ2022/23 ሲቲ ሊጉን፣ ኤፍኤ ካፑንና ቻምፒየንስ ሊጉን ጠቅልሎ ሲወስድ በዋናው አሰላለፍ ውስጥ ነበር። በ2025 በውሰት ኤቨርተን ሄደ። በመጀመሪያው ወር ለጎል የሚሆኑ አራት ኳሶችን አመቻችቶ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ።

«ይኸው፣ ነፃ ሲወጣ!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ቆይ እስቲ። ጓርዲዮላ ለምን እንደዚያ እንዳጫወተው አስቡት። የእሱ ቡድን ሲያጠቃ ተከላካዮቹ ሳይቀሩ መሐል ሜዳውን አልፈው ይቆማሉ። ከኋላቸው ያለው ሜዳ ባዶ ነው። አንዱ ለአብዶ ብሎ ኳስ ቢነጠቅ፣ ሌሎቹ ገና ቦታቸውን ሳይዙ መልሶ ማጥቃት ይመጣል። ስለዚህ መስመር ላይ ያለው ሰው ኳሷን ይዞ ጊዜ እንዲገዛ ይፈልጋል። ግሪሊሽ ያንን ጊዜ ገዝቶለታል። «ገደለው» የሚለውን ቃል አልቀበልም። ዋጋ ግን ከፍሎበታል። ያን ዋጋ የከፈለው ራሱ ልጁ ስለሆነ፣ የተናደደው ደጋፊ ላይም አልፈርድም።

የአርሴናል ደጋፊ የሆኑ አባቶቻችሁን ስለ ሪኬልሜ ጠይቋቸው። ባርሴሎና እ.ኤ.አ. በ2002 ከአርጀንቲና ሲያመጣው አሰልጣኙ ቫንሃል ነበር። ሪኬልሜ የመሐል ሰው ነው። ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ኳሷን በጫማው ታች ይዞ ያስባል፣ ከዚያ ማንም ያላየውን ቀዳዳ ያያል። ቫንሃል መስመር ላይ አወጣው። እዚያ ሩጫ ነው የሚፈለገው። ልጁ ጠፋ። በዓመቱ በውሰት ቪያሪያል ሰደዱት። ከዚያ ፔሌግሪኒ የሚባል አሰልጣኝ መጣና ቡድኑን በእሱ ዙሪያ ሠራው። በ2006 ያቺ ትንሽ ከተማ የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። መልሱ ጨዋታ ሊያልቅ ደቂቃ ሲቀረው ሪኬልሜ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ የአርሴናሉ በረኛ ሌማን አዳነበት፣ አርሴናል ለፍጻሜ አለፈ። የዚያን ሌሊት የደሴ ልጆች ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን ያየሁት ሪኬልሜን ነበር። ባርሴሎና የማይረባ የመሰለው ሰው ሌላ ቦታ ሲያስቀምጡት ቡድን ተሸክሞ እዚያ ደርሷል።

የያኔው የቼልሲ አሰልጣኝ ሞሪንሆም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጆ ኮል ተቀይሮ ገብቶ ሊቨርፑል ላይ የማሸነፊያዋን ጎል አገባለት። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ልጁን ያቅፈው ነበር። ሞሪንሆ ግን ከጎሉ በኋላ መከላከሉን ትቷል ብሎ በአደባባይ ወቀሰው። ያን ጊዜ በጣም ተናድጄ ነበር። ኮል ግን ተማረ። በተከታዩ የውድድር ዓመት ቼልሲ ሊጉን ሲደግመው አንዱ ምሰሶ እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ወቀሳ አንዱን ያቃናል፣ ሌላውን ይሰብራል። የእኔውን ልጅ ሰብሮታል።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የሀገራችንን ነገር ላንሣ። እናንተ የወሎ ልጆች ናችሁ። የአማርኛ ዘፈን አራት ዋና ዋና ቅኝቶች አሉት፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ በቀጥታ በሀገራችን ስም ይጠራሉ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። ማሲንቆው ደግሞ ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። በዚያች አንድ ክርና በአምስት ድምፅ ግን አዝማሪው ሲያሻው ያስለቅሳችኋል፣ ሲያሻው ያስነሣችኋል። ግጥሙን እዚያው ይፈጥራል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ያረዝማል። ነፃነቱ ልክ የለውም። ከቅኝቱ የወጣ እንደሆነ ግን ኳስ ሜዳ ረግጣ የማታውቅ አሮጊት እንኳ ትሰማዋለች። አሰልጣኝም የራሱ ቅኝት አለው። በአምባሰል የተካነ ድምፅ ባቲ ላይ ባይሰምርለት ዘፋኙ ሰነፍ ነው አይባልም። ባቲ የሚጫወተው ባለ ማሲንቆም አላዋቂ አይባልም። ስለዚህ «ለዚህ አሰልጣኝ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ቅር ያለኝ ክርክሩ አንዱን ጅል፣ ሌላውን ጨካኝ አድርጎ ማለቁ ነው።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ።

1985 ዓ.ም. ነው። አንድ ግራ እግረኛ ልጅ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። እናቱ ሰኞ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ታኬታ ስላልነበረው በኮንጎ ጫማ ነው የሚጫወተው። በዚያች ላስቲክ ጫማ የሚሠራው አብዶ ግን ሌሎች መምህራን ክፍለ ጊዜያቸውን ትተው እንዲመጡ ያደርጋል። ተከላካይ ፊቱ ሲመጣ ትከሻውን ወደ ቀኝ ይጥላል፣ ኳሷ ወደ ግራ ትሄዳለች። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይሸወዳል።

ከኋላው የግራ መስመር ተከላካይ የሆነ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ያ አብዶኛ ኳስ በተነጠቀ ቁጥር የሚሮጠው እሱ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ማልያው ከሰውነቱ ጋር ተጣብቆ ይታያል። እኔም ያን እያየሁ ሆዴ ይባባለት ነበር።

አንድ ቀን በጭነት አይሱዙ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ልንጫወት ሄድን። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትወርዱ እግር እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው 0 ለ 0 ነበርን። አብዶኛው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በራሳችን ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ጫፍ ላይ ኳስ ተቀበለ። «ምታት!» ብዬ ጮኽኩ። ትከሻውን ወደ ቀኝ ጣለ። የኮምቦልቻው ልጅ አልተሸወደለትም። ኳሷን ነጠቀው፣ ገባች። 1 ለ 0 ተሸነፍን።

መኪናው ላይ፣ ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አብዶህን ቤትህ ጥለኸው ና» አልኩት። ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ልምምድ ቀረ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ቀረ።

በሦስተኛው ጨዋታ ማግስት ያ ዝምተኛው ተከላካይ ኳሶቹን በመረብ ተሸክሞ ቢሮዬ ድረስ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ እሱን ያስቀመጡት ለእኔ አዝነው ከሆነ ይመልሱልኝ።»

«አንተ እኮ ነህ ለሁለት የምትሮጠው» አልኩት።

«እሮጣለሁ። ይደክመኛልም። ግን እሱ ከፊቴ ሲኖር ሁለት ሰው እሱ ላይ ይለጠፋል፤ ለእኔ ሜዳው ይከፈትልኛል። አሁን ሁለቱም እኔ ላይ ነው የሚመጡት።»

ለዚህ የምመልሰው አልነበረኝም። ለካ አብዶኛው ምን ያህል እንደሚያስከፍል ብቻ እቆጥር ነበር። ከፋዩን ልጅ ግን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።

በነጋታው የአብዶኛው ልጅ ቤት ሄድኩ። እናቱ ብቻዋን ነበረች። ከአጎቱ ጋር ለሥራ አሳይታ ወርዷል አለችኝ። ትምህርቱንም ትቶታል። ኳስ ብቻ ነው ያስተወው ብዬ አላምንም፣ ቤቱ ችግር ነበረበት። ግን ትምህርት ቤት የሚያቆየው አንድ ነገር ያ ኳስ ነበር። እሱንም የነጠቅኩት እኔ ነኝ። ፊቴን አይታ ነው መሰለኝ፣ ቡና አቀረበችልኝና «አብሽሩ ጋሼ፣ ኳስ እኮ ነው» አለችኝ። ያን ስኒ እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ አሠራሬን ለወጥኩ። ልምምድ ሜዳው ላይ በኖራ ሁለት መስመር አሰመርኩ፣ ሜዳው ሦስት ቦታ ተከፈለ። ከእኛ ጎል አጠገብ ባለው ክፍል አብዶ ክልክል ነው፤ ኳሷን ተቀብሎ ቶሎ መልቀቅ ብቻ። መሐሉ ላይ ጓደኛ ከጎን ካለ ይቻላል። የመጨረሻው መስመር ከታለፈ ግን የፈለገ የፈለገውን ይሥራ፤ ቢነጠቅም አልጮኽም። እዚያ የጠፋች ኳስ ጎላችን ለመድረስ ብዙ መንገድ አላት። እዚህ የጠፋችው ግን የላትም። ያን ልጅ ሃያ ሜትር ወደ ፊት ገፍቼው ቢሆን ኖሮ አብዶውን ጥሎ መምጣት አያስፈልገውም ነበር። ይህ ሁሉ እሱ ከሄደ በኋላ መሆኑ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ይሆነዋል፣ አይሆነውም» ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩልኝ። ተጫዋቹ ኳስ የሚያጣው የት አካባቢ ነው? ሲያጣስ የሚሮጠው ማነው? የሚሮጠው ሰው ፊት ብዙ ይናገራል። እጁን እያወናጨፈ ከሆነ ነገሩ ተበላሽቷል። አንገቱን ደፍቶ ሮጦ፣ ኳሷን ነጥቆ መልሶ ለዚያው ለአብዶኛው የሚሰጠው ከሆነ ግን በመሐላቸው እኛ የማናየው ስምምነት አለ ማለት ነው።

በሥራ ዓለምም ያው ነው። ከመካከላችሁ እጁ የሚያምር፣ አንደበቱ የሚጥም፣ ነገር ቶሎ የሚገባው አለ። አንተ ልጅ፣ አንተ ስታበራ ማን አምሽቶ እንደሚያስተካክልልህ እወቅ። ስሙን ጥራው፣ አመስግነው። አንቺም አለቃ የሆንሽ ቀን፣ ያን አስቸጋሪ ባለ ተሰጥኦ ከማስቀመጥሽ በፊት ከጀርባው ያለውን ሰው ጠይቂ። ቅኝቱ ካልገጠማችሁ ደግሞ እንደ ግሪሊሽ ቦታ መቀየር ነውር የለውም። የአንድ አለቃ ወንበር የዓለም መጨረሻ እንዳይመስላችሁ። ለዚያ ልጅ ይህን የሚነግረው ሰው አልነበረም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ እዚያው ጥግ ነኝ። ያ የሲቲ ማልያ የለበሰው ልጅና የተከራከረው ጓደኛው አጠገቤ ቢቀመጡ ደስ ይለኛል። ወንበር እይዝላቸዋለሁ። ብቻ ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ይምጡ። የመጀመሪያዎቹን አሥራ አምስት ደቂቃዎች ኳሷን ትተን የመስመር ተከላካዩን ብቻ ነው የምናየው።