ፕላዝማውን ማቆም አይቻልም ነበር፣ ይሄኛውን ይቻላል

ጥያቄ፦ «በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሥራ የጀመርኩት በ1994 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ለክፍላችን ፕሮጀክተርና ላፕቶፕ መጣና ሁላችንም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ እንድንጠቀምበት ታዘዝን። ስሞክር ግድግዳው ላይ ምንም አልመጣም። ተማሪዎች ሳቁ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ከኋላ ተነሥቶ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑን አልነካሁትም። አዲስ የተቀጠረው ወጣት መምህር ግን እንደ ስልኩ ነው የሚነካካው። ፕላዝማ የመጣ ጊዜም እንዲሁ ተሸማቅቄ ነበር። ዘመኑ ጥሎኝ ሄደ መሰለኝ። ሙያ ልቀይር? ወይስ የኮምፒውተር ሰርተፍኬት ልያዝ?»

መልስ፦ መምህር፣ ስለ ፕላዝማ ከጻፏት መስመር ልነሣ። ብዙ ነባር መምህራን ቴክኖሎጂ ሲነሣ ፊታቸው የሚጠቁረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው የሳተላይት ትምህርት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር አብዛኛውን ክፍለ ጊዜ ፕላዝማው ይወስደው ነበር። ለመምህሩ መጀመሪያ ላይ ለማስተዋወቂያ፣ መጨረሻ ላይ ለማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ትተርፈዋለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይንቆረቆራል። ልጆቹ እንዳልገባቸው ከፊታቸው ቢያነቡም ማቆም አይችሉም። ሥርጭቱ ከሳተላይት ነው የሚመጣው፣ ማንንም አይጠብቅም። ያኔ ያሸማቀቀዎት ማሽኑ አይመስለኝም። ልጆቹ የት ላይ እንደሚደናቀፉ እያወቁ ዝም ብለው መቆምዎ ነው።

አሁን የመጣልዎትን ላፕቶፕ ግን ያቆሙታል። ወደኋላ ይመልሱታል። ካስፈለገም ዘግተውት በጠመኔ ይቀጥላሉ። ስለዚህ የሙያ ጥያቄዎን በአጭሩ ልመልስ፦ በዚህ ምክንያት ሙያ አይቀይሩ። የደመወዝ ጉዳይ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው፣ ለብቻው እንነጋገርበታለን። ግድግዳው ላይ ምስል አልመጣም ብሎ ግን የሃያ ምናምን ዓመት ልምድ ጥሎ አይወጣም።

ልምድ የምለው ምን እንደሆነ በራስዎ ትምህርት ላሳይዎት። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ሲያስተምሩ ተማሪዎች ሁሌ የሚስቱትን ነገር ያውቁታል። ሁለት አምፖል በተከታታይ ከተያያዘ የመጀመሪያው አምፖል ከረንቱን «ይበላዋል»፣ ለሁለተኛው የሚደርሰው ትርፍራፊ ነው ብለው ያስባሉ። ቀመሩን በትክክል ጽፎ፣ ስሌቱን ሠርቶ፣ ውስጡ ግን ይህንኑ የሚያምን ጎበዝ ተማሪ አለ። ወጣቱ ባልደረባዎ ይህን ገና አያውቅም። እርስዎ ያውቃሉ። ቴክኖሎጂውን ማስገባት ያለብዎት እዚች ቦታ ላይ ነው። ዓመቱን ሙሉ አይደለም፣ ምዕራፉን ሙሉም አይደለም፣ እዚች ቦታ ብቻ።

ለዚህ የሚሆን ነፃ መሣሪያ አለ። ፌት (PhET) ይባላል። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር የጀመረው የሲሙሌሽን፣ ማለትም በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎች፣ ስብስብ ነው። ከውስጡ የዲሲ (የባትሪ ከረንት) ሰርኪዩት መሥሪያውን ይፈልጉ። ኢንተርኔት ካለበት ቦታ አንዴ ዳውንሎድ አድርገው ፍላሽ ላይ ይገልብጡት። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት በክሮም ይከፈታል። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በማውስ እየጎተቱ ያገናኛሉ። ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ እንደ ትናንሽ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ሲሄዱ ይታያሉ። የከረንት መለኪያውን፣ አሚትሩን፣ የፈለጉበት ቦታ ማስጠጋት ነው።

ክፍል ውስጥ ግን ቶሎ አያሳዩ። መጀመሪያ ሰርኪዩቱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይሣሉ። «ከመጀመሪያው አምፖል በፊትና በኋላ ያለው ከረንት እኩል ነው የምትሉ እጅ አውጡ» ይበሉ። ይቁጠሩና ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። «ይቀንሳል» የሚሉትንም እንዲሁ። ጎን ለጎን የተቀመጡት ልጆች ለሁለት ደቂቃ ይከራከሩ። ፕሮጀክተሩን የሚያበሩት ከዚያ በኋላ ነው። አሚትሩን ከአምፖሉ በፊት ያስጠጉ፣ ያንብቡት፣ ከዚያ አልፈው ያስጠጉ። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲያዩ ክፍሉ ውስጥ የሚነሣውን ድምፅ ይስሙ። አስር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ያጥፉትና «ለምን?» ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ መልክ አስይዞ መምራት የእርስዎ ሥራ ነው፣ ሲሙሌሽኑ አይሠራልዎትም። (ሒሳብ የምታስተምሩ አንባቢዎቼ፣ እናንተ ደግሞ ጂኦጀብራ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ሞክሩ። እሱም ነፃ ነው፣ ዳውንሎድ ከተደረገ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።)

አሁን ወደዚያች ቀን ልመለስ። ምስል ያልመጣው ምናልባት በሁለት ምክንያት ነው። ፕሮጀክተሩ ላይ «ሶርስ» የሚለውን ተጭነው ገመዱ የተሰካበትን፣ አብዛኛውን ጊዜ ኤችዲኤምአይ፣ መምረጥ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ከሆነ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ እንደያዙ የP ፊደልን ቁልፍ ይጫኑና «ዱፕሊኬት» የሚለውን ይምረጡ። ያ ልጅ ያደረገው ከዚህ አንዱን ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዎን ሦስት ጊዜ ነቅለው ሦስት ጊዜ ይሰኩት። ገመዶቹ በትክክል እንደተሰኩ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ከዚያ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ሄደው ይቀመጡና ጽሑፉ ይነበብ እንደሆነ ይዩ። መስኮቱ ላይ ጨርቅ ካልተሰቀለ ቀን ላይ ምስሉ ይደበዝዛል፣ እሱንም ያኔ ያውቁታል።

መብራት ቢጠፋስ? ይጠፋል። እኔ የመምህራን ሥልጠና መስጠት የጀመርኩ ሰሞን 40 ሰው ፊት ላፕቶፔ አፕዴት ማድረግ ጀመረና አልነሣም አለ። ድርቅ ብዬ ቀረሁ። አንዲት መምህርት ከመሀል ተነሥታ ጠመኔ አነሣች፣ የውይይቱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ ሥልጠናው ቀጠለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያለ ስክሪን ማስተማር የማልችለውን ነገር በስክሪን ይዤ አልገባም። እርስዎም ሰርኪዩቱን አስቀድመው ሰሌዳው ላይ እንዲሥሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

ስለ ሰርተፍኬቱ እውነቱን ልንገርዎት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነፃ ነው፣ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የመሳሰለውን ለመማር ጥሩ ነው። ፍላጎቱ ካለዎት ይውሰዱት። ለክፍልዎ ግን አሁን የሚያስፈልግዎ እሱ አይደለም። ለእርስዎ የሚቀርበው በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅብዎት ተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ነው። ብዙ ቦታ ይህ ሰዓት በወረቀት መሙላት ብቻ ያልፋል፣ ያሳዝነኛል። እርስዎ የምር ይጠቀሙበት። የቅዳሜውን ልምምድ ያስመዝግቡ። ስንት ተማሪ ተሳስቶ ነበር፣ ከትምህርቱ በኋላ በአጭር ፈተና ስንቱ አስተካከለ፣ ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው ፖርትፎሊዮዎ ውስጥ ያስገቡ። በደረጃ ዕድገት ጊዜ እንዲህ ያለ ገጽ ያለው መምህር «ሥልጠና ወስጃለሁ» ከሚለው ይልቅ የሚያሳየው ነገር አለው።

ወጣቱን ባልደረባዎን ደግሞ አይሽሹት። ሻይ ይጋብዙትና እንዲህ ይበሉት፦ «አንተ ገመዱን አሳየኝ፣ እኔ ከረንት ሳስተምር ልጆች የት እንደሚስቱ አሳይሃለሁ።» ደስ ይለዋል። ጀማሪ መምህር ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈራ እርስዎም ያስታውሱታል። ያስተካከለልዎትንም ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ከመጀመሪያው ጠርተው ገመድ እንዲሰካ ኃላፊነቱን ይስጡት። በመምህሩ ትእዛዝ ሲሠራ ማንም አይስቅም።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎት። ይህን ትምህርት ሲያስተምሩ ሰሌዳው ላይ የጻፏቸውን ሁለት ቁጥሮች ይላኩልኝ፣ «እኩል ነው» ያሉት ስንት፣ «ይቀንሳል» ያሉት ስንት።