ቤት ውስጥ ፊት ስለ መታጠን ያላችሁን ጥያቄ አምጡ

አራት ኪሎ አካባቢ የውበት ሳሎን ውስጥ ፌሻል እሠራለሁ። በእንፋሎት ፊት ስለ መታጠን የሚጠይቀኝ ሰው በጣም ስለበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ የቻልኩትን ሁሉ እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ጉዳዩ የሐኪም ሲሆን በግልጽ እነግራችኋለሁ። በሉ ጀምሩ።

ማሽን የለኝም። በሳህን እንዴት ነው የሚደረገው?

ማሽን አያስፈልግሽም። መጀመሪያ ሜካፑንና ቅባቱን አንሺ፣ ፊትሽን በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ። ውሃውን አፍልተሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ገልብጪው። ሳህኑ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ አልጋ ላይ ወይም ጭን ላይ አስቀምጦ መታጠን የሚባል ነገር የለም፣ ሰው የሚቃጠለው እንደዚያ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይብረድ። ከዚያ ፎጣ ጭንቅላትሽ ላይ ጣል አድርገሽ ከውሃው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቂና ዓይንሽን ጨፍኚ። ኮንታክት ሌንስ ካለሽ ቀድመሽ አውጪው። ለጀማሪ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ከ10 አይለፍ። ሙቀቱ ደስ ማለቱን ትቶ መለብለብ ከጀመረ ፎጣውን ገለጥ አድርጊ፣ አትታገሺው።

አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ውሃው ብዙ አይሞቅም፣ አያቃጥልም ይላሉ። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ቆዳን ለማቃጠል ግን 60 ዲግሪም ይበቃል።

እንፋሎት የቆዳ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ከዚያ በበረዶ መዝጋት አለብሽ ተባልኩ።

ቀዳዳዎቹ በር አይደሉም፣ የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው ጡንቻ የላቸውም። እንፋሎቱ የሚሠራው ሌላ ነው፦ ውስጥ የደረቀውን ቅባትና የሞተ ቆዳ ያላላዋል፣ የረጋ ቅቤ ምድጃ አጠገብ ሲቀመጥ እንደሚላላው። ስለዚህ ቆሻሻው በቀላሉ ይነሣል። በቃ ሥራው ይኸው ነው። በረዶውን ተይው፤ ከሙቀት ወደ በረዶ መዝለል ቆዳን ያስቆጣል እንጂ የሚዘጋው ነገር የለም። ለብ ያለ ወይም ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይበቃል።

ከወለድኩ በኋላ ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣብኝ። ብታጠን ይለቀኛል?

የኔ እህት፣ አይለቅሽም፤ እንዲያውም ሊያባብሰው ይችላል። ይህን ጥያቄ ስሰማ ሁልጊዜ ልቤ ይደነግጣል፣ ምክንያቱም ብዙ ሴቶች ማድያታቸውን ለማስለቀቅ ብለው በየሁለት ቀኑ ሲታጠኑ አያለሁ። ማድያት በእርግዝና፣ በአንዳንድ የወሊድ መከላከያና በፀሐይ ይነሣል፤ ሙቀትም ብቻውን ያባብሰዋል። ቆዳሽ ውስጥ ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ሲሞቁ ይነቃሉ። ስለዚህ እንፋሎት፣ ሳውናም ቢሆን፣ ላንቺ አይሆንም።

የሚጠቅምሽ የፀሐይ መከላከያ ነው። ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30፣ የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው፤ በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል፣ እሱም ጠይም ቆዳ ላይ ማድያትን ያጠቁራል። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ከቆላው ይበረታል። ደመና ነው ብለሽ አትተይው፣ ጥላም ያዢ። ከዚያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ጡት የምታጠቢ ከሆነም ለሐኪሙ ንገሪው።

እኔ እንጀራ ስጋግር ፊቴ በደንብ ይታጠናል። ይኼ አይበቃም?

እትዬ፣ ይህ መታጠን ሳይሆን መጋገር ነው። አክንባሎውን ሲያነሡ ድንገት ቦግ የሚለው እንፋሎት በጣም ሙቅ ነው፣ የምጣዱ ሙቀት ደግሞ አብሮ ይመታዎታል። አክንባሎውን ሲያነሡ ፊትዎን ወደ ጎን ያዙሩት። ማድያት ካለብዎት ደግሞ ይህ ሙቀት ከፀሐዩ ጋር ተደምሮ የሚጎዳዎት ነገር ስለሆነ፣ ከቻሉ ከምጣዱ ራቅ ብለው ይጋግሩ፣ መስኮትም ይክፈቱ።

ፊቴ በብጉር ተሞልቷል። ታጥኜ ላፍርጠው?

አይሆንም! ቀይ የሆነ፣ የሚያመው፣ መግል የያዘ ብጉር ላይ ሙቀት ሲጨመር ደም ወደዚያ ይበዛል፣ እብጠቱም ይብሳል። ካፈረጥሽው ደግሞ የኛ ቆዳ ጥቁር ነጥብ ለወራት ያስቀምጣል፤ ብጉሩ ሄዶ ምልክቱ ይቀራል። ፋርማሲ ሄደሽ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ 2.5 ወይም 5 በመቶ ጠይቂ፣ በስሱ ቀቢ፣ ልዩነቱን ለማየት 8 እስከ 12 ሳምንት ታገሺ። ትራስ ጨርቅሽን ስለሚያነጣ ነጭ ጨርቅ ተጠቀሚ።

አፍንጫ ላይ ያሉት ትናንሽ ጥቁር ነጥቦች ከሆኑ ግን ሌላ ነው፤ እነሱን መታጠን ያላላቸዋል። ሳሊሲሊክ አሲድ 2 በመቶ ያለው ነገር ይረዳቸዋል፣ ግን በታጠንሽበት ምሽት አይሁን፣ የላላ ቆዳ ላይ ይለበልባል። አፍንጫ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፈጥሯዊ ቅባት ነው፣ ጠርገሽው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። በሱ አትጨነቂ።

ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ሎሚ ልጨምርበት?

ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ለሽታው ብለሽ ትንሽ ጦስኝ ብትጥይበት ችግር የለውም። ባሕር ዛፍ ግን ዓይን ይለበልባል። ጤና አዳምና ሎሚን በተለይ ፊትሽ ላይ አታሺ፤ ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ያጠቁራል። ሎሚ ፊት ያቀላል ብለው የሚመክሩሽን አትስሚ።

በሳምንት ስንቴ?

አንዴ። ቆዳሽ ደረቅ ከሆነ በሁለት ሳምንት አንዴ።

ወይባ ከመታጠን ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ወይባ የእንጨት ጢስ ነው፣ ሙቀቱም ደረቅ ነው፤ እንፋሎት ውሃ ነው። ወይባ የራሱ ባህልና ደስታ አለው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ፊትን ግን ከጢሱ ውጪ አድርጉት። አስም ያለበት ሰው ደግሞ ይጠንቀቅ።

ወንድ ነኝ። ጢሜን ስላጭ አንገቴ ላይ ሽፍታ ይወጣል። ይረዳኛል?

ወንድሜ፣ አዎ፣ ግን ሙሉ መታጠን አያስፈልግህም። ጢምህ ጥቅልል ስለሆነ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ሽፍታው የሚመጣው ከዚያ ነው። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ አንድ ሁለት ደቂቃ አንገትህ ላይ አድርግ፣ ፀጉሩ ይለሰልሳል። ከዚያ ወደሚያበቅልበት አቅጣጫ ላጭ፣ ቆዳውን ወጥረህ ከሥሩ አትላጨው። ማሽን ብትጠቀምና አጠር አድርገህ ብትተወው ከሁሉም ይሻላል።

ታጥኜ ስጨርስ ፊቴ ይበልጥ ይደርቃል። ለምን?

ምክንያቱም ያገኘው ውሃ ተመልሶ ይተናል፣ በተለይ በበጋ የከተማችን አየር ደረቅ ሲሆን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መታጠኑን ጨርሶ ሻይ ሊያፈላ ይሄዳል። ፊትሽን በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጊ እንጂ አትፈትጊው፤ ትንሽ እርጥብ እያለ ወዲያው ክሬም ቀቢ። ክሬም ከሌለሽ ግሊሰሪን በውሃ አቅጥነሽ፣ ከላዩ ስስ ቫዝሊን። በዚያ ምሽት ስክራብ፣ ስኳርና ማር ማሸት፣ ትሬቲኖይን (ለብጉር የሚቀባው መድኃኒት)፣ ሁሉንም ተይ።

የሚያቀላ ክሬም እቀባለሁ። ልታጠን?

አትታጠኚ፣ መጀመሪያ ክሬሙ ውስጥ ምን እንዳለ እንወቅ። ከገበያ ሳይታዘዝ ከሚገዙት ውስጥ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባሉ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ያሉባቸው አሉ። እነዚህ ሲቆዩ ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያሳያሉ፣ እንፋሎት ሲጨመርበት እንደ እሳት ይለበልባል። ድንገት ብታቆሚው ደግሞ ፊትሽ ሊቆጣ ይችላል። ስለዚህ ቱቦውን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ በምክር ይቀንስልሽ። ማንም አይፈርድብሽም።

ልጄ ጉንፋን ይዞታል፣ ሦስት ዓመቱ ነው። ላጥነው?

እባክሽ አታድርጊ። ልጅ አንዴ ከተወራጨ ሳህኑ ይገለበጣል። ሙቅ ሾርባ፣ ብዙ ፈሳሽ፣ ለአፍንጫው ከፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ውሰጂው።

ትንሽዋን የፊት ስቲም ማሽን ልግዛ ወይስ ሳህን ይበቃል?

ሳህን ይበቃል። ከገዛሽ ግን ውሃው ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ (ዲስቲልድ) ይሁን፤ የቧንቧ ውሃ ውስጡ ነጭ ነገር ያጋግራል። ስትጨርሺ ውሃውን ደፍተሽ አድርቂው።