የሹም ሽር ዜና ስትሰሙ፦ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሕግ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። የሹም ሽር ዜና በተሰማ ቁጥር ሁላችሁም «ማን ተሾመ?» ለማለት ትቸኩላላችሁ። እኔ ግን አስቀድማችሁ «የተነሣው በምን ሥርዓት ተነሣ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

በየካቲት 1966 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። ሐምሌ ላይ እሳቸውም ወርደው ሚካኤል እምሩ መጡ። እስከዚህ ድረስ አገሩ የለመደው ሹም ሽር ይመስል ነበር። የቀድሞ ሹማምንት ታሰሩ፤ ጥፋታቸውን የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽንም ሥራ ጀመረ። ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የተደበቀበት ሕዝብ ፍርድ ይሰጠኝ ቢል እውነት ነበረው።

ኮሚሽኑ ምርመራውን ሳይጨርስ ህዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ ያህል ሰዎች ተገደሉ። አክሊሉም እንዳልካቸውም ከእነዚሁ ውስጥ ነበሩ። ክስ አልተነበበላቸውም፤ ጠበቃ አልቆመላቸውም። ንጉሡን አውርዶ ሥልጣን የያዘው የወታደሮች ኮሚቴ፣ የደርግ አባላት እጅ እያወጡ ወሰኑባቸው፤ የተሰጠው ስምም «ፖለቲካዊ ውሳኔ» ነበር። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶምም በዚያው ሌሊት ቤታቸው ተከቦ በተኩስ ሞቱ። ይህን ዜና በደስታ የተቀበለ የተማረ ወጣት ጥቂት አልነበረም። ሟቾቹን ስለሚጠላ መንገዱን አልመረመረም፤ ያ መንገድ ግን በእነሱ ላይ አልቆመም።

በሐምሌ 1968 የደርጉ አባል ሻለቃ ሲሳይ ሀብቴ ተረሸኑ። ከሁሉም የሚያስተምረኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በታህሳስ 1969 ደርጉ ሥልጣኑን በአዋጅ እንደገና አከፋፈለ። እነ ሻምበል ዓለማየሁ ኃይሌና ሻምበል ሞገስ ወልደ ሚካኤል የመንግሥቱ ኃይለ ማርያምን ሥልጣን በወረቀት ገደቡ፤ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ሊቀ መንበር ሆነው ቀጠሉ። በአንቀጽ የተጻፈ፣ በደንብ የታሰበ ሹም ሽር ነበር። ጥር 26 ቀን፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ተፈሪ በንቲ፣ ዓለማየሁና ሞገስ ከሌሎች ጋር ተገደሉ። አዋጁን የሚያስከብር ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያለ ፍርድ መግደል ሲፈቀድ አብሮ ፈርሶ ነበር። በህዳር 1970 የመገደሉ ተራ የደርጉ ምክትል ሊቀ መንበር የኮሎኔል አጥናፉ አባተ ሆነ፤ የኢትዮጵያን ጥቅም ከሶሻሊዝም አስበልጧል የሚል ክስም ቀረበባቸው። እኔ ይህን ክስ እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አትስሙት። እንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ የተሻረ ሰው የሚያጣው እንጀራውን ብቻ አይደለም።

የደርግ ባለሥልጣናት በታህሳስ 1987 ፍርድ ቤት ቀረቡ። ክሳቸው ተነበበላቸው፤ ጠበቃ አቆሙ፤ ምስክር ሰሙ፤ ተከራከሩ። ፍርዱ የተሰጠው በታህሳስ 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በጣም ረዘመ የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ቢሆንም ለአክሊሉና ለአጥናፉ የተነፈገው እድል ለእነሱ ተሰጥቷል፤ ይህም ተገቢ ነበር። ያስፈረደባቸው አንዱ ትልቅ ማስረጃ ደግሞ ራሳቸው የፈረሙት የግድያ ውሳኔ ወረቀት ነው።

ስለዚህ መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ኃላፊ ሲነሣ፣ ክፉ አለቃ ቢሆን እንኳ፣ የተከሰሰበት ነገር በጽሑፍ ደርሶት እንደሆነ፣ መልስ እንዲሰጥ ዕድል አግኝቶ እንደሆነ ጠይቁ። ኮሚቴ ውስጥ ካላችሁ የሰውየውን ቃል ሳትሰሙ እጃችሁን አታውጡ። ቀድሞ ተዘጋጅቶ «ፈርሙ» የሚባል ቃለ ጉባኤ ሲመጣ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፤ የተቃውሞ ሐሳባችሁ ካልሰፈረበትም አትፈርሙ።