መልስ፦ ኒባና ጠፍቶ መቅረት ነው ወይስ ገነት?

ወንድሜ፣ «ኒባና ጠፍቶ መቅረት ነው ወይስ የቡድሂስቶች ገነት?» ብለህ ለጠየቅከው፣ በቀደምቶቹ የፓሊ (የጥንት ቡድሂስት መጻሕፍት ቋንቋ) ጽሑፎች ከሄድን ሁለቱም አይደለም። (ኒባና የቡድሂስቶች የመጨረሻ ግብ ነው፤ ኒርቫና የሚባለው የሳንስክሪቱ አጠራር ነው፣ ቃሉ ያው ነው።) ቃሉ የእሳት መጥፋት ማለት ነው። ዋናው ነገር የሚጠፋው ምንድን ነው የሚለው ነው። የሚጠፉት ሦስት እሳቶች ናቸው፦ ምኞት፣ ጥላቻና ድንቁርና። ሰውየው አይደለም። ቡድሃ ራሱ እዚያ ከደረሰ በኋላ 45 ዓመት ያህል እየበላ፣ አንዳንዴም ጀርባውን እያመመው፣ ሲያስተምር ኖሯል።

ከሞተስ በኋላ? ቫቻጎታ የሚባል ከአገር አገር የሚዞር መናኝ ይህንኑ ጠይቆት ነበር። ቡድሃ መልሶ «ፊትህ የሚነደው እሳት ቢጠፋ ወዴት ሄደ ትላለህ? ወደ ምሥራቅ? ወደ ምዕራብ?» አለው። ቫቻጎታም ጥያቄው ራሱ እንደማይገጥም፣ እሳቱ ሣርና እንጨቱ አልቆበት እንደጠፋ ተናገረ።

እኔን የሚገርመኝ ግን «ኡፓዳና» የምትለዋ የፓሊ ቃል ናት። ማገዶም ማለት ናት፣ ሙጥኝ ብሎ መያዝም። ስለዚህ በዚህ ምሳሌ እሳቱ ላይ ውሃ የደፋ የለም፤ የሚማግድለት ነው ያጣው።