ሜምብሬኑን ከመውቀስዎ በፊት

በዚህ እትም ድርቅ በሚመላለስባቸው የባህር ዳርቻዎች ውሃ ስለማቅረብ ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን እንመልሳለን። ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በቀን 500 ሜትር ኩብ በሚያመርት የባህር ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነኝ። በሦስት ወር ውስጥ ምርታችን 20 በመቶ ወርዷል። የካርትሪጅ ማጣሪያዎቹን (ከሜምብሬኑ በፊት ያሉትን ተቀያያሪ ማጣሪያዎች) በየሳምንቱ እንቀይራለን። ሜምብሬኖቹን (ውሃውን አሳልፈው ጨውን የሚያስቀሩትን ስስ ሽፋኖች) በአሲድ ብናጥባቸው ጭራሽ ባሰባቸው። አለቆቻችን አዲስ ሊገዙ ነው፤ ያዋጣል?

መልስ፦ አያዋጣም፤ ቢያንስ ለጊዜው። የዘረዘሩት ምልክት ሁሉ ችግሩ ከሜምብሬኑ በፊት፣ ቅድመ ማጣሪያው ላይ እንዳለ ያሳያል። እሱ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ሜምብሬንም በሦስት ወሩ ያው ነው።

መጀመሪያ የብርዱን ድርሻ ለይተው ያውጡ። ግፊቱ ሳይለወጥ ውሃው በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ምርት 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ባህሩ በእነዚህ ወራት 4 ዲግሪ ቀዝቅዞ ከሆነ ከጎደለው 20 በመቶ ውስጥ 12 ያህሉ የብርዱ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የምርቱን መጠንና ጨዋማነቱን ጎን ለጎን ያንብቡ። መጠኑ ቀንሶ ጨዋማነቱ እምብዛም ካልተለወጠ ሜምብሬኑ ተደፍኗል። ሁለቱም አብረው ከጨመሩ ክሎሪን በልቶታል፤ ይህ በእጥበት አይድንም። ጨዋማነቱ በአንድ የግፊት ቱቦ (የሜምብሬን ጥቅሎች ተሰልፈው በሚገቡበት) ላይ ብቻ በድንገት ከዘለለ ደግሞ ሜምብሬኑን ከመጠርጠር በፊት የማገናኛውን የጎማ ቀለበት ይፈትሹ።

አሲዱ ለምን እንዳባሰው ግልጽ ነው። የደፈነው ነገር የባክቴሪያ ዝልግልግ ከሆነ አሲድ ያጠነክረዋል እንጂ አያነሳውም። ከቱቦው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥቅል አውጥተው ይመልከቱ። የመጀመሪያው ከብዶ፣ አንሸራቶና ሸትቶ ከተገኘ መንስኤው ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ መጨረሻው ላይ በአሲድ ጠብታ አረፋ የሚያወጣ ነጭ ቅርፊት ካለ ግን የካልሲየም ካርቦኔት ክምችት ነው። ለዝልግልጉ መጀመሪያ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ ፈሳሽ) እጥበት፣ ከዚያ አሲድ። የአልካላይኑ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ12 አይለፍ፤ ሙቀቱ ደግሞ አምራቹ ለዚያ ፒኤች ከፈቀደው አይብለጥ። የማጠቢያውን ፈሳሽ በተጣራ ውሃ ይበጥብጡ። በባህር ውሃ ከበጠበጡት ማግኒዚየሙ በከፍተኛ ፒኤች ይረጋና ሌላ ድፍነት ይፈጥራል። ከእንግዲህ ደግሞ 20 በመቶ እስኪጎድል አይጠብቁ፤ በሙቀት የተስተካከለው ምርት 10 በመቶ ሲወርድ ወይም በቱቦው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 15 በመቶ ሲጨምር ይጠቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት እንምጣ። ያገለገለ ካርትሪጅ በቢላ ለሁለት ይሰንጥቁ። ቀይ ቡናማ ከሆነ የምትጨምሩት የብረት ኮዋጉላንት (ደቃቅ ቆሻሻን አጣብቆ የሚያረጋ ኬሚካል) በዝቷል ወይም ሳይረጋ እያለፈ ነው። የአሸዋ ቅንጣት ካገኙበት ከአሸዋ ማጣሪያው በታች ያለ ኖዝል (አሸዋውን አስቀርቶ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ) ተሰብሯል። ካንሸራተተ ባክቴሪያ ነው። ከዚያ ኤስዲአይ (ውሃው ሜምብሬን የመድፈን ዝንባሌውን የሚያሳይ ቁጥር) ይለኩ፦ በ0.45 ማይክሮን ወረቀት፣ በ2.07 ባር ግፊት፣ 500 ሚሊሊትር ለመሙላት የሚፈጀውን ሴኮንድ ይያዙ፤ ውሃው 15 ደቂቃ ሳይቋረጥ ከፈሰሰ በኋላ ደግመው ይለኩ። የፊተኛውን ለኋለኛው አካፍለው ከ1 ይቀንሱ፣ በ100 ያባዙ፣ ለ15 ያካፍሉ። ፊት 30፣ ኋላ 60 ሴኮንድ ከሆነ ውጤቱ 3.3 ነው። ከ3 በታች ጥሩ ነው፤ ከ5 በላይ ሆኖ ሜምብሬን ላይ መልቀቅ ገንዘብ መጣል ነው። ፈተናውን ከአሸዋ ማጣሪያው በፊትም በኋላም ያድርጉት፤ አለበለዚያ ማን እየሠራ ማን እየተኛ እንደሆነ አይታወቅም።

ክሎሪኑም ጣጣ አለው። ፖሊአሚድ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ሜምብሬን ክሎሪን ስለማይችል ከመግቢያው የተጨመረው በሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጠፋል። በስሌት ለ1 ሚሊግራም ክሎሪን 1.34 ሚሊግራም ይበቃል፤ በተግባር 3 ይደረጋል። ነገር ግን ያለማቋረጥ የሚጨመር ክሎሪን በባህሩ ውስጥ ያለውን ትልልቅ ብስባሽ ሰባብሮ ለባክቴሪያ የሚመች ምግብ ያደርገዋል። ክሎሪኑ ከጠፋበት ነጥብ ወዲያ ከጥፋቱ የተረፉት ባክቴሪያዎች ያንን እየተመገቡ ይራባሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሻለው አልፎ አልፎ ጠንከር ያለ መጠን መስጠት ነው፤ በእነዚያ ሰዓታት ሜታባይሰልፋይቱ በትክክል መግባቱን በኦአርፒ መለኪያ (የውሃውን የኦክሳይድ ኃይል በሚያሳይ) ይከታተሉ።

ጥያቄ፦ የምክር ቤት አባል ነኝ። ግድባችን ሊደርቅ ነው። የባህር ውሃ ማጣሪያ በአስቸኳይ ይሠራ የሚሉና መጀመሪያ የቧንቧ ብክነት ይቀነስ የሚሉ ወገኖች ተፋጠዋል። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ለዘንድሮው ድርቅ ከሆነ ሁለተኞቹ። ትልቅ ጣቢያ ከውሳኔ እስከ መጀመሪያው ጠብታ ዓመታት ይፈጃል፤ ዝናቡ ደግሞ ቀድሞት ሊመጣ ይችላል። የካሊፎርኒያዋ ሳንታ ባርባራ በድርቅ ተጣድፋ ያሠራችው ጣቢያ በ1992 (በዚህ መልስ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቢጠናቀቅም ዝናብ መጥቶ ሥራ ፈታ፤ እንደገና ውሃ የሰጠው በ2017 ነው። የሲድኒው በ2010 ተጀምሮ በ2012 ቆመ፤ ድርቅ ሲመለስ በ2019 ተነሣ። በአንጻሩ የአውስትራሊያዋ ፐርዝ በ2006 ሥራ ያስጀመረችው የክዊናና ጣቢያ ሁልጊዜ እንዲሠራ ታስቦ ነው የተተከለው፤ ወደ ግድቦቿ የሚገባው ወራጅ ውሃ ለብዙ ዓመታት ስለቀነሰ አዋጥቷታል። መጠየቅ ያለበት «ድርቅ አለ ወይ?» ሳይሆን «ጣቢያው በደህናው ዓመት ምን ይሠራል?» ነው። ቆሞ የሚውል ጣቢያም ደመወዝ፣ ጥገናና የብድር ክፍያ አይቀርለትም።

የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን በ2018 ቧንቧ የሚዘጋበትን ቀን ያራዘመችው በዋናነት ፍጆታን በመቀነስ ነው። ከየካቲት ወር ጀምሮ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ተወሰነ፤ በመስመሮቹ ላይ ያለው ግፊትም ተቀነሰ።

ብክነትን ለመለካት 1,000 ያህል ቤቶች ያሉበትን ሰፈር በአንድ ቆጣሪ ብቻ እንዲመገብ አድርገው ሌሎቹን ቫልቮች ይዝጉ። ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ያለውን ፍሰት ያንብቡ። በዚያ ሰዓት ለአንድ ቤት 2 ሊትር በሰዓት ቢታሰብ 2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቆጣሪው 12 ካነበበ 10ሩ እየፈሰሰ ነው። ሌሊት ግፊቱ ከፍ ስለሚል የቀኑን ለማግኘት በ24 ሳይሆን በ20 ያባዙ፦ 200 ሜትር ኩብ። በ50 ሊትር ስሌት ይህ የ4,000 ሰው ውሃ ነው። ያንኑ ውሃ ከባህር ለማውጣት፣ በሜትር ኩብ 4 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስዱ፣ በቀን 800 ኪሎዋት ሰዓት ይጠይቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰዎች ታንከራቸውን የሚሞሉት ሌሊት ስለሆነ ይህ ልኬት ያሳስታል።

ፈረቃ ራሱ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ባዶ የቀረ ቧንቧ ከአካባቢው ቆሻሻ ይስባል፤ ውሃው ሲመለስ የታመቀው አየር መስመሩን ይመታል፤ አዲስ ፍሳሽም ይከፈታል። ከዚያ በፊት ግፊት ይቀንሱ። ግፊቱ (በውሃ ዓምድ ቁመት ሲለካ) ከ60 ወደ 40 ሜትር ሲወርድ፣ በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ያለው ፍሳሽ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ በብረት ቧንቧ ላይ ባለ ክብ ቀዳዳ ግን 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው።

ጥያቄ፦ ከባህር የተጣራ ውሃ ከተለቀቀልን ወዲህ ቧንቧችን ቀይ ውሃ ያወርዳል። ማጣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማጣሪያውስ ደህና ነው፤ ውሃው ግን «ተርቧል»። ከሜምብሬን የሚወጣ ውሃ ካልሲየምም አልካሊኒቲም (አሲድን የመቋቋም አቅም) የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በአሮጌ የብረት ቧንቧ ላይ ለዓመታት የረጋውን ቅርፊት ይፈታዋል። ጣቢያው ውሃውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጨምሮበት በኖራ ድንጋይ አልጋ ውስጥ ማሳለፍ አለበት። 80 ሚሊግራም በሊትር አልካሊኒቲ ለማግኘት ለአንድ ሜትር ኩብ ቢያንስ 80 ግራም የኖራ ድንጋይና 35 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟል፤ ከዚያ ፒኤቹ ወደ 8 አካባቢ ይስተካከላል። አዲሱን ውሃ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ መልቀቅም ቀይነቱን ያቃልላል። ውሃውን ለብርቱካንና ለሎሚ የምታጠጡ ደግሞ ቦሮኑን (በባህር ውሃ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር) አስለኩ፤ ለሰው የሚፈቀደው 2.4 ሚሊግራም በሊትር ነው፣ እነዚህ ዛፎች ግን 0.5 ላይ መጎዳት ይጀምራሉ።

ጥያቄ፦ አነስተኛ ማጣሪያ ያለ ባትሪ፣ በሶላር ቀን ቀን ብቻ ማሠራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ከኤሌክትሪኩ ይልቅ ውሃውን ያጠራቅሙ። ግን ስሌቱን ሳያሳንሱ። በ60 ባር የሚገፋ 1 ሜትር ኩብ የባህር ውሃ 1.67 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያ 30 በመቶው ብቻ ተጣርቶ ቢወጣና የፓምፑና የሞተሩ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ ለ1 ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ትልልቆቹ ጣቢያዎች በጠቅላላው ከ3 እስከ 4 የሚበቃቸው ከሜምብሬኑ የሚመለሰውን የጨዋማ ውሃ ግፊት መልሰው ስለሚጠቀሙበት ነው። ሁልጊዜ ማታ ሲያቆሙ ቱቦዎቹን በተጣራ ውሃ ያጥቡ፤ ለዚህ የሚሆን ታንከር መጀመሪያውኑ ይመድቡ። ጨው ይዞ ያደረ ሜምብሬንና ፓምፕ ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ ከባህር 400 ሜትር የራቀው ጉድጓዳችን ውሃ ጨዋማ እየሆነ ነው። ጠለቅ አድርገን ብንቆፍር?

መልስ፦ በፍጹም። ከባህር ጠለል በላይ ለቆመ 1 ሜትር ጣፋጭ ውሃ ከሥሩ 40 ሜትር ያህል ጣፋጭ ውሃ በጨዋማው ላይ ይንሳፈፋል። የላዩን በ1 ሜትር ስታወርዱት ጨዋማው ውሎ አድሮ 40 ሜትር ሊነሣ ይችላል። ጥልቀት ወደ ጨው መቅረብ ነው። የሚረዳው በዝቅተኛ ፍሰት ረጅም ሰዓት መሳብ፣ አንዱን ጉድጓድ በብዙ ጥልቀት የሌላቸው ጉድጓዶች መተካትና በየሳምንቱ የውሃውን ጨዋማነት የሚጠቁመውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱን ለክቶ መመዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ የባህር ውሃ ቢፈላ ጨውነቱ ይለቃል?

መልስ፦ አይለቅም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር ማሰሮው ውስጥ የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል። የሚጠጣው እንፋሎቱ ነው፣ እሱን ይዞ ማቀዝቀዝ ይጠይቃል። ከፈላ በኋላ እንኳ 1 ሊትር ለማትነን 0.63 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በመስታወት የተከደነ የፀሐይ ገበታ ያለ ማገዶ ይሠራዋል፤ በጥሩ ፀሐይ ከ1 ሜትር ካሬ በቀን ከ3 እስከ 5 ሊትር ይጠብቁ።