ጭራውን እዩ

ልጆች፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከዚራ ሰፈር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። 33 ዓመት እዚሁ ድሬዳዋ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሠርቻለሁ። ሙሽራ፣ ኒካህ፣ ክርስትና፣ ተመራቂ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ያላነሳሁት የለም። ሥራውን ለልጄ ካስረከብኩ በኋላ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን አንድ ነገር አደረግሁ። ካሜራዬን አንግቤ የአየር ትርዒት ለማየት ሄድኩ። ኅዳር 2016 ዱባይ፣ መስከረም 2017 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ። ለሁለቱም ያወጣሁት ዓመታት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ነው፤ ዱባይ ላይ ማደሪያውንና መግቢያውን ያመቻቸልኝ እዚያ የሚሠራ የወንድሜ ልጅ ነው።

ከተመለስኩ ወዲህ ካሜራ የሚወዱ ወጣቶች ቤቴ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ የትኛውን ካሜራ ልግዛ? ያንተ ሌንስ ስንት ሚሊ ነው?» ድሬ ነንና ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው የሚባለው፣ እኔም እንደሱ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ብዙ ጊዜ ፊታቸውን ያጠቁረዋል። ለጊዜው ምንም አትግዙ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሐረር ውጡ፣ ጀጎል ግቡ፣ ሥጋ ገበያው ጋ ቁሙና ጭላት አንሱ።

የምሬን ነው። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ጭላቶቹ በየጣሪያው ጠርዝ ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሥጋ በእጁ የያዘ ሰው ካዩ ከላይ ወርደው መንጭቀው ይሄዳሉ። ቁራጭ ወደ ላይ የሚወረውርላቸውም አለ፣ አየር ላይ ይቀልቡታል። ዱባይ ከመሄዴ በፊት አራት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በማለዳ ከድሬ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ እዚያ እቆም ነበር። ለምን መሰላችሁ? እጄ የሚሮጥ ነገር አያውቅም ነበራ። ዕድሜዬን ሙሉ «አገጭ ትንሽ ቀና፣ ዓይን ወደዚህ፣ አንድ ጊዜ እንዳትንቀሳቀስ» እያልኩ ሰው አቁሜ ያነሳሁ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ይዤ የተመለስኩት የጣሪያ ፎቶ ነው። ጣሪያ፣ ባዶ ሰማይ፣ አልፎ አልፎ የክንፍ ጫፍ። ጣቴ የሚጫነው ጭላቷ ካለፈች በኋላ ነው። በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ሽማግሌ ሥጋ ሻጭ ሲያየኝ ቆይቶ ቢላውን አስቀመጠና መጣ። «አቦ፣ አንተ ምን ሆነሃል? ክንፏን ነው እንዴ የምታየው? ጭራዋን እይ እንጂ!» አለኝ። ከዚያ ከቁርጥራጩ አንዷን አንስቶ፣ ሳይወረውር፣ እጁን ብቻ ከፍ አድርጎ ያዘ። ከጣሪያው አንዷ ተነሳች። በላያችን ዞረች። «አሁን!» አለ። አየሁት። የጭላት ጭራ ጫፉ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው። ልትታጠፍ ስትል አስቀድሞ የሚጠመዘዘው እሱ ነው፣ ልክ የጀልባ መሪ እንደሚዞር። ክንፉ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ዓይን እንደመጨፈን ታህል፣ ግን ለጣት ትበቃለች። ከዚያ ቀን በኋላ ጣሪያ ማንሳት ቀረ።

አሁን ዱባይን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ ግን ሳልደብቅ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ።

በ1969 ክረምት የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ ደርሶ ነበር። የኛ ኤፍ-5 ተዋጊ ጄቶች በላያችን ሲያልፉ እናቴ እኔንና እህቴን ከአልጋ ሥር ትከተን ነበር፣ የኛ ይሁን የነሱ ማን ይለያል። እኔ ቀስ በቀስ በድምፅ መለየት ጀመርኩ። በኋላ ጄኔራል የሆኑት የለገሰ ተፈራ ስም ጆሮዬ የገባው ያኔ ነው። በኤፍ-5 የሶማሊያን ሚግ ጄቶች የጣሉ፣ በመጨረሻም አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው 11 ዓመት ሶማሊያ ታስረው የኖሩ ሰው ናቸው። አውሮፕላን መውደድና አውሮፕላን መፍራት እኔ ውስጥ የገቡት በአንድ ክረምት ነው።

ስለዚህ ዱባይ ላይ የመጀመሪያው ተዋጊ ጄት ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ካሜራዬን አላነሳሁም። ጉልበቴ ታጠፈ። ከ46 ዓመት በኋላ፣ በሰላም አገር፣ ዙሪያዬ ሰው ሁሉ እየሳቀ፣ እኔ መሬት ላይ ቁጢጥ ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። የወንድሜ ልጅ ደንግጦ ውሃ ሰጠኝ። ያን ቀን አንድም ፎቶ አላነሳሁም። ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ማታ ላይ ድምፁ ድምፅ ብቻ ሆነልኝ።

ከእናንተም መካከል ይህን ድምፅ ለደስታ ያልሰማ እንደሚኖር አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ካለ አይፈር። የመጀመሪያውን ቀን ካሜራ አትያዝ፣ አትያዢ። ከምታምኑት ሰው ጋር ሂዱ፣ ጆሮ መድፈኛ አድርጉ (ለሁሉም ሰው ግዴታ ነው፣ የጄት ድምፅ ጆሮ ይጎዳል)፣ ዝም ብላችሁ ስሙ። ፎቶው ነገም አለ።

በማግስቱ የኤምሬትስ አክሮባት ቡድን፣ አል ፉርሳን፣ በሰባት ኤርማኪ አውሮፕላን መጣ። የባንዲራቸውን ቀለም በጭስ ሰማይ ላይ እየሳሉ። ሰው ሁሉ ጭሱን ያነሳል። እኔም ጭሱን ላነሳ ነበር፣ ግን ጆሮዬ ውስጥ ያ ሽማግሌ «ጭራዋን እይ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ተዋጊ ጄት ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ይታያል፤ አፍንጫው ቀና ከማለቱ በፊት የኋላው ትንሿ ክንፍ ትንቀሳቀሳለች። በረጅም ሌንስ ካያችሁ በግልጽ ትታያለች። እሷን ባያችሁ ቅጽበት መጫን ከጀመራችሁ ጄቱ ሲታጠፍ፣ ጀርባውን ሲያሳያችሁ፣ አየሩ እርጥብ ከሆነም ክንፉ ላይ ነጭ ጉም ብልጭ ሲል ትይዙታላችሁ። ያ ጉም ጭስ አይደለም። በክንፉ ላይ የአየሩ ግፊት በድንገት ሲቀንስ አየሩ ቀዝቅዞ በውስጡ ያለው እርጥበት ጉም ይሆናል፣ ወዲያው ይጠፋል። ጉሙን ካያችሁ በኋላ ብትጫኑ ዘግይታችኋል።

በሦስት ቀን ከ4,000 በላይ ፎቶ አነሳሁ። ያስቀረሁት 11 ነው። አሥራ አንዱም ጭራውን አይቼ የተጫንኳቸው ናቸው።

የዱባይ ትርዒት በዋናነት የአውሮፕላን ገበያ ነው፣ ይህን ዕወቁ። ሱፍ የለበሰ ሰው ይበዛል። በዚያው ሳምንት የኛ አየር መንገድ ከቦይንግ 11 ድሪምላይነርና 20 ማክስ፣ ከኤርባስ ደግሞ 11 ኤ350 ለመግዛት ሲስማማ እኔ ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር። ዜናውን የሰማሁት ከጎኔ ከቆመ የኬንያ ልጅ ነው። «የናንተ ገዙ» አለኝ፣ እጄን ጨበጠኝ፣ እኔ የፈረምኩ ያህል ደስ አለኝ።

ስለ ሙቀት ለድሬ ልጅ አይነገረውም። እኩለ ቀን ላይ አስፋልቱ ውሃ የተኛበት እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ያው ሙቀት በረጅም ሌንስ ሲታይ አውሮፕላኑን ያንቀጠቅጠዋል፣ የትኛውም ውድ ሌንስ አያድናችሁም። መንደርደሪያው ላይ ያለውን ተዉት፣ ሲነሳና ሲቀርብ ጠብቁ።

የደቡብ አፍሪካው ትርዒት ሌላ ነው። ፕሪቶሪያ አጠገብ ዋተርክሉፍ በሚባል የአየር ኃይል ሠፈር በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል፣ ቅዳሜና እሁዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቤተሰብ ምግቡን ይዞ ይመጣል፣ ልጆች አባታቸው ትከሻ ላይ ናቸው። እኔ ይበልጥ የወደድኩት ይህንን ነው። እዚያ የከበደኝ ባለ ፕሮፔለሩ ነው። ጄት ሲሆን ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) 1/1000ኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ታፈጥኑታላችሁ። ፕሮፔለር ያለውን በዚያ ፍጥነት ካነሳችሁት ግን ምላጮቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ አውሮፕላኑ ሞተሩ ጠፍቶ ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ወደ 1/160ኛ ማውረድ አለባችሁ። ያኔ ደግሞ እጃችሁ ከአውሮፕላኑ ጋር እኩል ካልዞረ ሁሉም ይደበዝዛል። ከወገብ ነው የሚዞረው፣ ከእጅ አይደለም። ጭላቶቹ ያስተማሩኝ ሌላው ነገር ይኸው ነው።

እዚያ የደረሰብኝን ልንገራችሁና እናንተ አትድገሙት። ሻተሩን ሳዘገይ፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ስለነበረ፣ ፎቶው እንዳይነጣ የሌንሱን ቀዳዳ በጣም አጠበብኩት። ማታ ሆቴል ገብቼ ፎቶዎቹን ስከፍት በሰማዩ ላይ ሦስት ጥቁር ነጥቦች አሉ። ወፍ መሰሉኝ። ቀጣዩን ከፈትኩ፣ እዚያው ቦታ ሦስት ነጥብ። 300 ፎቶ፣ ሁሉም ላይ። ለካ የድሬ አቧራ ነው። ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ላይ ተቀምጦ አብሮኝ ተጉዟል። ቀዳዳው ሰፊ ሲሆን አይታይም፣ ሲጠብ ግን ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ከመሄዴ በፊት በነበረው ማታ ቀዳዳውን የመጨረሻ አጥብቤ ነጭ ግድግዳ አነሳለሁ፣ አጉልቼ አያለሁ፣ ነጥብ ካለ በማናፈሻ አጸዳለሁ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌንስ ደግሞ ሜዳ ላይ አትቀይሩ።

ከገመዱ አልፋችሁ አትቁሙ። ፎቶ አንሺ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደፊት መሄድ ይፈልጋል፣ አውቀዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጀርመን ውስጥ ራምሽታይን ላይ የጣሊያን ቡድን ሦስት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው አንዱ ተመልካቹ መሃል ወደቀ። 70 ሰው ሞተ፣ ሦስቱ አብራሪዎች ናቸው። ዛሬ በብዙ አገር አውሮፕላኖቹ ወደ ሕዝቡ አቅጣጫ እንዳይበሩና ሰው ራቅ ብሎ እንዲቆም የሚደረገው እንዲህ ባለ ሰው ሕይወት በተከፈለበት ትምህርት ነው። ገመዱ የተዘረጋው በሰው ደም ነው፣ አክብሩት።

አገር ውስጥ ስትሆኑ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የድሬ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ካሜራ ይዛችሁ እንዳትቆሙ፣ አየር ኃይሉም የሚጠቀምበት ቦታ ነው። ድሮን ያለፈቃድ እንዳታስነሱ። ማንሳት ከፈለጋችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ፣ እምቢ ካሏችሁም ተመለሱ። በነገራችን ላይ ሐረር ሜዳ የሚባለው የአየር ኃይል ሠፈር ሐረር ያለ የሚመስላቸው ልጆች ገጥመውኛል፤ ያለው ቢሾፍቱ ነው።

ደግሞ ለዚህ ብላችሁ አትበደሩ። ባለፈው አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ስልኳን ይዛ መጣች። ሁለት ወር ሐረር ሥጋ ገበያ ቆማ ያነሳችውን አሳየችኝ። ስልክ ነው፣ ሩቁን አያቀርብም፣ ስለዚህ ልጅቱ ጭላቷ የምትወርድበትን ቦታ ለይታ ሥሩ ቆማለች። አንዷ ፎቶ ላይ ጭላቷ ከአንድ ሰውዬ እጅ ሥጋ ስትቀልብ ጥፍሯ ጣቱን ሳይነካ ይታያል። ጭራዋ ተጠምዝዟል። እኔ በዚያ ሁሉ ሌንስ እንዲህ ያለ አላገኘሁም። «ማን ነገረሽ?» ስላት «አንድ ሽማግሌ» አለችኝ።

ከፕሪቶሪያ እንደተመለስኩ ለዚያ ሽማግሌ ሁለት ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ወሰድኩለት። አንዱ የዱባይ ጄት ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ክንፉ ላይ ጉም ለብሶ። አንዱ ከእሱ ሱቅ ፊት ያነሳኋት ጭላት። እጁን በጨርቅ ጠረገና ሁለቱንም ተቀበለኝ። ጄቱን ረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን የኋላዋ ትንሿ ክንፍ ላይ አደረገ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም አላለም። ከዚያ ጄቱን መለሰልኝ። ጭላቷን ሚዛኑ በላይ፣ ግድግዳው ላይ ለጠፋት።