ጉበቱ ዳነ ወይስ መርዙ አልተሠራም?

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ የፋርማኮሎጂ ማስተርስ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነሽ። አማካሪሽ የሽፈራው ቅጠል ኤክስትራክት በፓራሲታሞል የሚመጣን የጉበት ጉዳት በኤንአርኤፍ2 (የሴሉን መከላከያዎች የሚያነቃ ፕሮቲን) እና በጄኤንኬ (ሴል ሲጎዳ የሚነቃ ኤንዛይም) የምልክት መስመሮች በኩል ይከላከል እንደሆነ እንድታጠኚ ሰጥተውሻል። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ ትምህርቱን ተይና የመድኃኒት አስመጪ ሪፕ (መድኃኒት አስተዋዋቂ ወኪል) ሁኚ ይልሻል። አይጥ መግደሉ ይከብድሻል፣ እንግሊዝኛሽም ያሳስብሻል። «ይህ ጥናት ለፒኤችዲ ያበቃኛል?» ነው ጥያቄሽ።

አሁን በተጻፈበት መልኩ አያበቃሽም። ኤክስትራክቱን ለ7 ቀን ትሰጫለሽ፣ ከዚያ ፓራሲታሞል፣ በ24ኛው ሰዓት ኤኤልቲ (ጉበት ሲጎዳ ደም ውስጥ የሚበዛ ኤንዛይም) ትለኪያለሽ፣ ከቀነሰ «ጉበትን ይከላከላል» ትያለሽ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሞልቷል፣ ፒኤችዲ ተማሪ የሚመርጥ ፕሮፌሰርም ገና ዘዴው ላይ ሲደርስ ያስቀምጠዋል።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ፓራሲታሞል ራሱ ጉበት አይገድልም። ሳይፕ2ኢ1 የሚባለው ኤንዛይም ከፊሉን ናፕኪ ወደሚባል መርዝ ይለውጠዋል። ናፕኪን የሚያመክነው ግሉታታዮን ሲያልቅ መርዙ የማይቶኮንድሪያ (የሴሉ ኃይል ማመንጫ) ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል፤ በዚህ ጊዜ ጄኤንኬ ፎስፌት ተጣብቆበት ይነቃል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያው ይሄድና ጉዳቱን ያባብሰዋል። እንግዲህ ኤክስትራክትሽ ሳይፕ2ኢ1ን ብቻ ቢያግድስ? ናፕኪ አይሠራም፣ ጄኤንኬም አይነቃም። አንቺ «ጄኤንኬን ከለከለ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ እሳቱ ግን መጀመሪያውኑ አልተለኮሰም።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። ከፓራሲታሞሉ በፊት እና ከሰጠሽ ከ30 ደቂቃ በኋላ ጉበት የሚወሰድባቸው ቡድኖች ጨምሪና ግሉታታዮን ለኪ። ኤክስትራክት በወሰዱትም ባልወሰዱትም እኩል ካሽቆለቆለ መርዙ ተሠርቷል ማለት ነው፤ ያኔ ስለ ምልክት መስመር ማውራት ትችያለሽ። ሌላ ቡድን ደግሞ ኤክስትራክቱን ከፓራሲታሞሉ 2 ሰዓት ቆይቶ ይውሰድ፤ እስከዚያ አብዛኛው ናፕኪ ተሠርቶ አልቋል። ማነጻጸሪያሽ አሴቲልሲስቲን ይሁን። ሰው ላይ የሚሠራበት መድኃኒት እሱ ነው፤ በተለመደው አሰጣጥ በደም ሥር 300 ሚሊ ግራም በኪሎ በ21 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል፤ በተለይ ፓራሲታሞሉ ከተወሰደ በ8 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ በደንብ ይሠራል።

ሥራው የሚበላሸው ጥቃቅኑ ላይ ነው። አይጦቹ ሌሊቱን ሳይበሉ ይደሩ፤ የበላ አይጥ ግሉታታዮኑ ብዙ ስለሆነ 300 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል በኪሎ ላይጎዳው ይችላል። ፓራሲታሞሉን ሞቅ ባለ ሳላይን አሟሚው፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ መጠኑም ከአይጥ አይጥ ይለያያል። አይጠ መጎጥ ይህን መርዝ ስለሚቋቋም አይሆንሽም፣ ወንድና ሴትም አትቀላቅይ። ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ዲኤምኤስኦ የሚባለው ሟሚ ፈሳሽ ነው። ጄኤንኬን ለማገድ የምትጠቀሚበት መድኃኒት የሚሟሟው በእሱ ነው፣ እሱ ራሱ ግን ሳይፕ2ኢ1ን ያግዳል፤ ስለዚህ ማነጻጸሪያ ቡድኑም ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ካልወሰደ ውጤትሽ የሟሚው ነው። የነቃው ጄኤንኬ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሆነ ሁሉንም ናሙና በ24ኛው ሰዓት ብትወስጂ ያመልጥሻል። ኤንአርኤፍ2ን ደግሞ የሴሉን ኒውክሊየስ ለይተሽ እዪው፤ ከተፈጨ ጉበት የወጣ ባንድ (በምርመራው ፕሮቲኑን የሚያሳይ መስመር) ወደ ኒውክሊየስ መግባቱን አያሳይም። በአይጥ ፋንታ ሄፕጂ2 ሴል (ላቦራቶሪ ውስጥ የሚያድግ የሰው ጉበት ካንሰር ሴል) ልጠቀም ማለትሽ ደግሞ አያዋጣም፤ ሳይፕ2ኢ1 እምብዛም የለውም።

እነዚህን ፕሮቲኖች የምታዪባቸው ፀረ እንግዳ አካላት (አንቲቦዲዎች) ከውጭ መጥተው እጅሽ ሳይገቡ አንድም አይጥ አትጀምሪ። ካልመጡ «በጄኤንኬ መስመር» የሚለው ከርዕሱ ይውጣ። አማካሪሽን «ርዕሱን ልቀይር» አትበያቸው፤ «መርዙ መሠራቱን የሚያሳይ የ30 ደቂቃ ቡድን ልጨምር ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።

ወንድምሽን በተመለከተ ግልጹን ልንገርሽ። የቤት ኪራይና የእናታችሁ መድኃኒት በአንቺ ደሞዝ የሚከፈል ከሆነ ሐሳቡ ሐሳብ ነው፤ ደብዳቤሽ ግን እንዲህ አይልም። የሪፕ ሥራ ዘንድሮም አለ፣ ከተመረቅሽም አለ። ግማሽ የደረሰ ማስተርስ ግን ማንም አይቆጥርልሽም። የሙያ ፈቃድሽ በእጅሽ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ መድኃኒት ቤት ተረኛ ሁኚና ገቢሽን አሳዪው። ጉበት የሚያውቅ ፋርማሲስት ደግሞ ከላቦራቶሪ ውጭም ሥራ አያጣም፦ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናሚድ የሚወስድ የቲቢ ታካሚ ኤኤልቲው ከመደበኛው ጣሪያ 3 እጥፍ አልፎ ምልክት ካሳየ፣ ያለ ምልክት ደግሞ 5 እጥፍ ካለፈ መድኃኒቱ ይቆማል። ይህን መከታተል የሆስፒታል ሥራ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርቶችን መመርመር ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን።

እንግሊዝኛው አያስጨንቅሽ፤ የዘዴ ክፍል የሚጻፈው በአጭር ዓረፍተ ነገር ነው።

አይጦቹን በተመለከተ፣ አዲሶቹ ቡድኖች ቁጥሩን ስለሚጨምሩት ሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳይሰጥ በፊት ማመልከቻው ላይ አስገቢያቸው። በኋላ ማሻሻያ መጠየቅ ወራት ሊፈጅብሽ ይችላል።